ከፍትፍቱ ፊቱ

በአገራችን እንግዳን አፉን ሳያረጥብ መሸኘት ነውር ነው። ዛሬ ግን በብዙ ቤት የክብሩ ምልክት የለስላሳ ጠርሙስ ሆኗል፤ በጾምም ወራት ስለማያስገድፍ ማንም አያመነታበትም። ነገር ግን የማያስገድፍ ሁሉ የማይጎዳ አይደለም።

330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ቆርቆሮ የኮላ መጠጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለበት፤ ይኸውም ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። በአንድ ስኒ ሻይ ላይ ዘጠኝ ማንኪያ ቢጨመር ማን ይጠጣዋል? በመጠጥ የሚገባ ስኳር እንደ እህል አያጠግብም፤ ፈጥኖ ከደም ይደርሳል፤ ሲዘወተርም ቆሽትን ያደክማል፤ ትርፉም በጉበት ስብ ሆኖ ይከማቻል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ኔቸር ሜዲስን በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንደ ገመተው፥ በ2020 ብቻ በዓለም 2.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፥ 1.2 ሚሊዮን ያህል ደግሞ በልብና በደም ሥር በሽታ የተያዙት ከእነዚህ መጠጦች የተነሣ ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ከአዲሶቹ የስኳር ሕሙማን ከአምስቱ አንዱ የሚያህለው በዚሁ ምክንያት የታመመ ነው። ሜክሲኮ በ2014 በየሊትሩ አንድ ፔሶ ቀረጥ ብትጥልበት ሕዝቡ የሚገዛው መጠን ቀነሰ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ሁሉን ለቀረጥ አንተው። ጠርሙሱ ለዓመት በዓል ይቆይ፤ በዘወትር ማዕድ ውሃ ይቅረብ። ልጅ የሚወደው የለመደውን ነውና። እንግዳውም ቢሆን የሚከበረው በጠርሙሱ ሳይሆን በተቀባዩ ፊት ብሩህነት ነው።