መዝሙሩን ሁሉ ያውቀዋል፤ ባለግጥሙንስ?

ዘፈን በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠራው የዘፋኙ ስም ነው። ሙዚቃ ዐዋቂ ሰው ከተገኘ ደግሞ ዜማውን ማን እንደ ደረሰው ይጠይቃል። ግጥሙን የጻፈውን ሰው የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንዲሉ፣ ሌላው ሁሉ አፉን የሚያሟሽበትን ቃል ያበጀው ሰው እሱ ራሱ ስሙን የሚጠራለት ያጣል። ይህ ቀላል ነገር ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ለእኛ ለመምህራንና ነገ መምህራን ለሚሆኑት ሠልጣኞች ቀላል አይደለም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ለማስረዳት የአንድ ፈረንሳዊ የዘፈን ግጥም ጸሐፊን ሕይወት ባጭሩ መተረክ ይኖርብኛል።

ሰውየው ኤውዠን ፖቲዬ ይባላል። ስሙን ሰምተነው የማናውቅ ብዙዎች ሳንሆን አንቀርም። የጻፈውን ግጥም ግን በደርግ ዘመን ተማሪ፣ ወታደር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ብዙ ሰው በአማርኛ ዘምሮታል፤ ያልዘመረውም ሲዘመር ሰምቶታል። ግጥሙ «ኢንተርናሲዮናል» የተባለው መዝሙር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፖቲዬ ፓሪስ ከተማ ኦክቶበር 4 ቀን 1816 ተወለደ። አባቱ የዕቃ ማሸጊያ ሣጥን እየሠራ የሚተዳደር ሰው ነበር። ልጁም ገና በጠዋቱ ትምህርቱን አቋርጦ ከአባቱ ጋር ሣጥን ሲመታ ይውል ጀመር። ግጥም እንዴት እንደሚገጠም ያስተማረው መምህር አልነበረም፤ ደንቡን የተማረው ከአንድ አሮጌ የሰዋስው መጽሐፍ ነው። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ እጅግ የሚወደደው የዘፈን ገጣሚ ቤራንዤ ነበር። ቤራንዤ መንግሥትን የሚነካ ግጥም በመጻፉ ሁለት ጊዜ የታሰረ ሲሆን፣ ትንሹ ፖቲዬ የእሱን ዘፈኖች እያነበበ አደገ። በጁላይ 1830 ፓሪሶች ንጉሥ ሻርል 10ኛን ከዙፋን ሲያወርዱ ፖቲዬ ገና 13 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያውን ዘፈኑን የጻፈውም በዚያው ሰሞን ሲሆን፣ ርእሱ ስለ ነፃነት ነበር። በ1831 ደግሞ የመጀመሪያ የግጥም መድበሉን አሳትሞ ለቤራንዤ መታሰቢያ አደረገው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ሣጥን ሲመታ የሚውል ልጅ የዘፈን ገጣሚ ለመሆን እንዴት በቃ? መልሱ በጊዜው በነበሩት የመዝፈኛ ማኅበራት ውስጥ ይገኛል። በዚያ ዘመን በፓሪስ «ጎጌት» የሚባሉ ማኅበሮች ነበሩ። አናጢው፣ ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሠሪው ከሥራ በኋላ በመጠጥ ቤት ጓዳ ይሰበሰብና እያንዳንዱ የጻፈውን ያሰማል። አዲስ ዜማ አያስፈልገውም፤ ሁሉም በሚያውቀው በአሮጌው ዜማ ላይ አዲስ ቃል መጫን ብቻ ነው። ወጪው ወረቀትና እርሳስ ነው እንግዲህ። ጋዜጣ መግዛት የማይችለው፣ ቢገዛም ማንበብ የማይችለው ሠራተኛ የአገሩን ነገር የሚሰማው ከእነዚህ ዘፈኖች ነበር። መንግሥትም ይህ ገብቶት ኖሮ ማኅበሮቹን በፖሊስ ያስጠብቅ፣ ሲያሻውም ይዘጋ ነበር።

ፖቲዬ በግጥም እንጀራ አልበላም። እንጀራው ሌላ ነበር። ከሣጥን ሥራ ወጥቶ በጨርቅ ላይ የሚታተም ሥዕል ነዳፊ ሆነ፤ በሙያውም ተዋጣለትና የራሱን መሥሪያ ቤት እስከ መክፈት ደረሰ። ይሁን እንጂ ኑሮው ሲደላው ሠራተኛነቱን አልረሳም። በ1848ቱ አብዮት ከፓሪስ ሠራተኞች ጋር በምሽግ ተሰልፏል። በ1860ዎቹም የሙያ ጓደኞቹ የሥዕል ነዳፊዎች በማኅበር እንዲደራጁ አድርጎ፣ ማኅበሩ ወደ ዓለም አቀፉ የሠራተኞች ማኅበር እንዲገባ አብቅቷል።

ከዚያ 1871 መጣ። ፈረንሳይ በፕሩሲያ ጦር ተሸንፋ ነበር። ማርች 18 ቀን የፓሪስ ሕዝብ ተነሥቶ መንግሥቱ ወደ ቬርሳይ ሸሸ፤ ከተማዋም በተመረጠ ምክር ቤት ትተዳደር ጀመር። የፓሪስ ኮምዩን የሚባለው ይህ ነው። ፖቲዬ በኤፕሪል በተደረገው የማሟያ ምርጫ ከ3,600 ድምፅ 3,352ቱን አግኝቶ የኮምዩኑ አባል ሆነ። ኮምዩኑ የቆየው 72 ቀን ብቻ ነው። በሜይ መጨረሻ የቬርሳይ ጦር ከተማዋን ሰብሮ ገባና በአንድ ሳምንት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተገደለ።

«ኢንተርናሲዮናል» የተጻፈው ከዚህ በኋላ በጁን 1871 ነው። ልብ በሉ፤ ግጥሙ የተጻፈው በድል አደባባይ ላይ አይደለም። የጻፈው ሰው የተሸነፈ፣ ጓደኞቹ ያለቁበት፣ እሱም ተይዞ እንዳይረሸን ፓሪስ ውስጥ የተደበቀ የ54 ዓመት ሰው ነበር። ዜማ የሚያወጣለት ስላልነበረም በ«ማርሴዬዝ» ዜማ እንዲዘመር አስቦ እንደ ጻፈው ይነገራል። ያ የጎጌት ልማዱ ነው። ከዚያ ወደ እንግሊዝ አመለጠ። በ1873 በሌለበት የሞት ፍርድ ተፈረደበትና ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እዚያም ብዕሩን አልጣለም፤ በ1876 የአሜሪካ ሠራተኞች ለፈረንሳይ ሠራተኞች የሚልኩትን መልእክት በግጥም ጽፏል።

በ1880 ምሕረት ተደርጎ አገሩ ሲገባ ድኻና በሽተኛ ነበር፤ ገላው በከፊል ሽባ ሆኗል። ያን ሁሉ ዓመት የጻፈውን የሚያውቅለት አልነበረም። በ1883 ከመዝፈኛ ማኅበራቱ አንዱ ባዘጋጀው ውድድር ተሸለመ። በዚያው ጉስታቭ ናዶ የሚባል ዝነኛ የዘፈን ደራሲ አስታወሰው። ናዶ በፖለቲካ ከፖቲዬ ጋር የሚስማማ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ግጥሙ ግጥም ነው ብሎ በ1884 የፖቲዬን ዘፈኖች መድበል በመግቢያ ጽሑፍ አጅቦ እንዲታተም አደረገ። እኔ ይህን ታሪክ ስመረምር ልቤን ከነኩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የባላንጣን ሥራ «ጥሩ ነው» ለማለት ትልቅ ሰው መሆን ይጠይቃል። እኛስ? ሐሳቡን የማንወደው ተማሪ ጥሩ ድርሰት ቢጽፍ ተገቢውን ማርክ እንሰጠዋለን?

«ኢንተርናሲዮናል» በመጽሐፍ የወጣው ከተጻፈ ከ16 ዓመት በኋላ በ1887 ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 6 ቀን ፖቲዬ ዐረፈ። ኖቬምበር 8 ቀን በፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ሲቀበር ፖሊስ ቀይ ሰንደቅ ለመንጠቅ ለቀስተኛውን ደበደበ። በማግሥቱ ዓመት በጁን 1888 በሰሜን ፈረንሳይ በሊል ከተማ ፒየር ደ ጌይቴር የሚባል የእንጨት ሠራተኛ ለሠራተኞች የመዘምራን ቡድን ዜማ እንዲያወጣ ተጠየቀና ይህን ግጥም መረጠ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ዜማ ይኸው ነው። ፖቲዬ ያን ዜማ አንድ ቀን እንኳ አልሰማውም። ሁለቱ ሰዎች አብረው እንደ ሠሩ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል፤ የተገናኙት በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

የዜማው ደራሲም ቢሆን አልተሳካለትም። ከሥራው እንዳይባረር በታተመው ወረቀት ላይ የቤተሰቡ ስም ብቻ ተጻፈ። በኋላ የገዛ ወንድሙ አዶልፍ «ዜማው የእኔ ነው» ብሎ ተነሣ፤ በ1914 ፍርድ ቤት ለአዶልፍ ፈረደ። ፒየር መብቱን ያስመለሰው በ1922 ነው። አንድ የመጀመሪያ ስም ሳይጻፍ በመቅረቱ ምን ያህል መከራ እንደ መጣ ተመልከቱ! «ስም ምን ያደርጋል?» ለሚሉ ሰዎች ይህ በቂ መልስ ነው።

ከዚያ ወዲያ መዝሙሩ የት እንደ ደረሰ የታወቀ ነው። ከ1918 እስከ 1944 የሶቪየት መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። በኢትዮጵያም ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በየሰልፉና በየስብሰባው ግራ እጅ ተነሥቶ ተዘመረ። የሚያሳዝነውና የሚያስገርመው፣ ሥልጣን የያዘውም፣ ከሥልጣን ያዡ ጋር ሲፋለሙ የወደቁት ወጣቶችም ይህንኑ መዝሙር መዘመራቸው ነው። ገዳይና ሟች አንድ ግጥም በቃላቸው ይዘው ነበር ማለት ነው። በ1989 ደግሞ በቤይጂንግ የቲያንአንመን አደባባይ የወጡ ተማሪዎች መዝሙሩን ራሱን በሚዘምረው መንግሥት ፊት ቆመው ዘመሩት።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «ታዲያ በስሙ ስንት ደም የፈሰሰበትን መዝሙር ጸሐፊ ማስታወስ ለምን ይበጃል? መርሳት አይሻልም?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልጁን ወይም ወንድሙን ያጣ ሰው ቢጠይቀውማ ማንም ሊቆጣው አይገባም። ሆኖም መልሴ ይህ ነው። በአገራችን መዝሙሩ ሲዘመር ሕዝቡ ማን እንደ ጻፈው፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደ ጻፈው ቢያውቅ ኖሮ አንድ ነገር ይታየው ነበር። ጸሐፊው ከመንግሥት ጦር የተደበቀ ሰው ነበር፤ የሚያዘምሩት ግን ጦር ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ይህን ያወቀ ተማሪ ቢያንስ በልቡ «ይኼ ነገር እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ግጥም ጸሐፊውን ስንረሳ የምናጣው ይህን ጥያቄ ነው። ባለቤቱ የጠፋ ቃል እንደ ባዶ ጆንያ ነው፤ ያገኘው ሁሉ የፈለገውን ይሞላበታል።

ፖቲዬን ማወቅ ማለት ደግሞ በሐሳቡ መስማማት ማለት አይደለም። ናዶም አልተስማማም፤ ቢሆንም አነበበው፣ አሳተመው። ስለዚህ ነገሩን የማነሣው መዝሙሩ ይመለስ ለማለት አይደለም። የማነሣው ስለ እኛ ሥራ ነው።

እኛ መምህራን ለሕፃናት ስንት መዝሙር እናስተምራለን? ስለ ንጽሕና፣ ስለ ፊደል፣ ስለ አገር፣ ስለ እናት። ከእነዚህ ውስጥ የስንቱን ግጥም ጸሐፊ እናውቃለን? ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤት የሚወጣ ዕጩ መምህር ግጥሙን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ፤ ይጮኻሉ፤ ደወል ይደወላል። ማን ጻፈው? መቼ? ምን ሊል ፈልጎ? አይጠየቅም። እንዲህ ያለ ትምህርት ልጁን ድምፅ ማስተጋባት እንጂ ማሰብ አያለማምደውም። ዛሬ የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ የዘመረ ልጅ፣ ነገም ማን እንዳዘዘው ሳይጠይቅ ይዘምራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መዝሙር የሚያስተምር ሁሉ ከርእሱ ሥር የግጥም ጸሐፊውንና የዜማ ደራሲውን ስም ይጻፍ፤ ካልታወቀም «አልታወቀም» ብሎ ይጻፍ። ይህ ራሱ ትምህርት ነው። ሁለተኛ፣ ዜማው ከመጀመሩ በፊት ግጥሙ እንደ ንባብ ይነበብ፤ ያልገባው ቃል ያለው ልጅ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ ይህ የግድግዳ ጋዜጣችን ከእኛው ሠልጣኞች የሚቀርቡ የልጆች መዝሙሮችን ከነባለቤታቸው ስም የሚያወጣበት አንድ ዓምድ ይክፈት። በመካከላችን የሚገጥሙ እንዳሉ እናውቃለን፤ ማደሪያ ክፍል ውስጥ ሲያንጎራጉሩ ይሰማሉና። ፖቲዬም የጀመረው በሣጥን መሥሪያ ውስጥ በአንድ አሮጌ የሰዋስው መጽሐፍ ነው። ለመጀመር ከዚያ የበለጠ አያስፈልግም።

ተቃውሞ ወይም የተሻለ ሐሳብ ያለው ጽፎ ያቅርብ፤ ስሙን ግን እንዳይረሳ አደራ!