የተጠገነ ልብ «ድኗል» ተብሎ አይረሳ

ከንፈሩና ጥፍሩ ሰማያዊ የነበረ ሕፃን ተሳክቶለት ቀዶ ሕክምና ሲያገኝ ቤተሰብ ስለቱን ያስገባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ «ዳነ» ይባላል። ከዚያ መዝገቡ ይዘጋል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

«ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት» የተባለው የልብ ችግር ሲጠገን በልብ የታችኛ ክፍሎች መካከል ያለው ቀዳዳ ይደፈናል፤ ወደ ሳንባ የሚወስደው ጠባብ መንገድም ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ሚኒሶታ የተጀመረው ይህ ሕክምና የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል። ጠባሳ ግን ይተዋል። ልብን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ በጠባሳው ዙሪያ መሽከርከር ሲጀምር ምቱ ከልክ በላይ ይፈጥናል፤ ልብም ደም መርጨት ያቅተዋል። ደህና የተባለ ልጅ ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ በድንገት ሊሞት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠባሳው ደግሞ የሚታይ ነገር ነው። ጋዶሊኒየም በደም ሥር ተሰጥቶ ልብ በኤምአርአይ ሲነሣ ጠባሳው ነጥቶ ይወጣል። በለንደኑ ሮያል ብሮምፕተን ሆስፒታል 550 ታካሚዎችን የተከታተለና በ2022 የታተመ ጥናት፣ የጠባሳው መጠን ለአደጋ የቀረበውን ሰው ለመለየት እንደሚረዳ አሳይቷል። አደጋው ከፍ ያለበት ሰው ምቱን የሚያስተካክል ዲፊብሪሌተር ሊተከልለት ይችላል።

«ስንት ሕፃን ወረፋ እየጠበቀ ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ወረፋው እውነት ነው። ነገር ግን ለሁሉም ኤምአርአይ ይነሣ ያለ የለም። በርካሹ ኢሲጂ መጀመር ይቻላል፦ «ኪውአርኤስ» የሚባለው ሞገድ 180 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ መስፋቱ የአደጋ ምልክት መሆኑ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። በዚህና በሌሎች ምልክቶች የተለዩት ወደ ኤምአርአይ ይላካሉ።

በጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል የታከሙ፣ ቀደም ሲልም ወደ እስራኤልና ወደ ሌሎች አገሮች ተልከው የተመለሱ ሕፃናት ዛሬ ብዙዎቹ ጎልማሶች ናቸው። አንዳንዶቹ ወላጆች ሆነዋል። ጤና ሚኒስቴር የእነዚህን ሰዎች ስም፣ ስልክና የቀዶ ሕክምና ታሪክ የያዘ አገራዊ መዝገብ ያዘጋጅ፤ በየዓመቱም በቀጠሮ ይጥራቸው። ለጋሾችም ለቀዶ ሕክምናው ሲከፍሉ ለክትትሉም አብረው ይመድቡ። ያን ያህል ወጪ የወጣበትን ልብ በቀጠሮ እጦት ማጣት ማንም ሊቀበለው አይገባም።