«ጌጥ ብቻ ነው» ለሚሉ መልስ

ስለ ሬኔሳንስ ዘመን ሥዕል ሲወራ ሚኬላንጄሎና ራፋኤል ይወደሳሉ። በዚያው ዘመን የጌጥ ንድፍ እየቀረጹ በወረቀት ያተሙትን ሰዎች ግን የሚያነሣቸው የለም። ቢነሡም «የእነዚያ ሥራ ጌጥ ብቻ ነው፤ ያውም ከጥንት ሮማውያን የተቀዳ» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም፤ ምክንያታችንንም እነሆ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደ ተነሣ እንመልከት። ሮማ በ64 ዓ. ም. ከተቃጠለች በኋላ ንጉሠ ነገሥት ኔሮን ያሠራው «ወርቃማ ቤት» እርሱ ከሞተ በኋላ በአፈር ተሞልቶ ተቀበረ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1480 ገደማ ሠዓልያን በጣራው ቀዳዳ እየወረዱ ግድግዳውን በችቦ ብርሃን አዩት። ከቅጠል ውስጥ የሚወጣ ሰው፣ ክንፍ ያለው አውሬ፣ በቀጭን ዘንግ ላይ የቆመ ቤት፣ ሁሉንም የሚያያይዝ ሐረግ ነበረበት። ስፍራው ዋሻ ስለሚመስል ጌጡ በጣሊያንኛ ዋሻ ከሚለው ቃል «ግሮቴስክ» ተባለ። ከወረዱት አንዱ ኒኮሌቶ ዳ ሞዴና ስሙንና 1507 የሚለውን ዓመት በዚያው ግድግዳ ላይ ጭሮ ተወ፤ ይህን የመሰለውንም ጌጥ በመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ አተመ።

እንግዲህ የዚህ ወረቀት ጥቅሙ ምንድን ነው? ራፋኤልና ረዳቶቹ ከ1517 እስከ 1519 የቫቲካንን ሰገነት በዚሁ ዐይነት ጌጥ አስጊጠውታል። ያንን የሚያየው ወደ ጳጳሱ ቤተ መንግሥት የሚገባ ሰው ነበር። ወረቀቱ ግን ተራራ ተሻግሮ፣ ሮማን በዐይኑ አይቶ ከማያውቅ አንጥረኛና እንጨት ጠራቢ እጅ ገባ። በአንዳንዱ ወረቀት ላይ ቀኙና ግራው የተለያየ ንድፍ የያዘው ባለሙያው የወደደውን እንዲመርጥ ነው። ብዙው ወረቀት ዛሬ የጠፋው ስለ ተናቀ ሳይሆን፣ በየሥራ ቤቱ እስኪበጣጠስ ድረስ ስለ ተሠራበት ነው።

«ቅጂ ነው» ለሚሉንም መልስ አለን። በጀርመን አገር በዞስት ከተማ የነበረው ሃይንሪኽ አልደግሬቨር የሮማውያኑን ሐረግ ወስዶ ለጩቤ አፎት ንድፍ አደረገው። የአውግስቡርጉ ዳንኤል ሆፕፈር ደግሞ የጦር ልብስ ብረት በአሲድ እያስበላ የሚያስጌጥ ባለሙያ ነበር፤ ይህንኑ የብረት ሙያ ወደ ኅትመት ካመጡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እርሱ ነው። ታዲያ ማን ከማን ተማረ? የእጅ ሠራተኛው ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ሰጪም ነበር።

ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው። የዘመኑ ሊቃውንት እንደ ሕግ መጽሐፍ ያከበሩት ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪዩስ ይህን የመሰለውን ሥዕል አጥብቆ ነቅፎ ነበር፤ ሸምበቆ ጣራ አይሸከምም፣ ከግንድ ሰው አይበቅልም ብሎ። ቀራጮቹ ግን ጥንትን እያከበሩ የጥንቱን ተቺ ትእዛዝ ተላለፉ። እንዲህ ያለውን ሰው «ቀጂ» ማለት ምን ፍርድ ነው?

የእኛም አገር ታሪክ ምስክር ነው። በ1590ና በ1591 በሮማ በዐረብኛ በታተመው ወንጌል ውስጥ ያሉትን የአንቶኒዮ ቴምፔስታን ሥዕሎች የኢትዮጵያ ሠዓልያን በ17ኛው መቶ ዓመት ምሳሌ አድርገዋቸዋል። በጥቁር ቀለም ብቻ የታተመውን በራሳቸው ቀለምና በራሳቸው አሣሣል በብራና ላይ ሠሩት እንጂ ባሪያው አልሆኑም።

ስለዚህ ክርክራችን ስለ ሐረግና ስለ ቅጠል ብቻ አይደለም። በእጁ የሚሠራውን አንጥረኛና ሸማኔ መስደብ የለመደ ኅብረተሰብ፣ የውጭውን አገር የጥበብ ታሪክ ሲያነብም ያንኑ ንቀት ይዞ ያነባል። ወንድሞችና እኅቶች! የጌጥ ንድፉ ወረቀት በትምህርታችን ውስጥ ከታላላቆቹ ሥዕሎች ጎን ይቀመጥ። በማባዣ መኪና በታተመ ወረቀት ሐሳባችንን የምንልክ እኛ፣ ብዙ እጅ የሚደርስ ወረቀት ምን እንደሚሠራ ከማንም ይልቅ ልናውቅ ይገባናል።