የአራተኛ ፎቅ ሰዎች

በኮንዶሚኒየም ኑሯችን ውስጥ «አደጋ ነው እኮ» እንደምትለዋ አባባል የሚያናድደኝ ነገር የለም። ሽንት ቤት ሞልቶ ይፈሳል፤ ኮርኒስ ይረጥባል፤ ምንጣፍ ይበሰብሳል። እኛ ደረጃው ላይ ቆመን ከንፈራችንን እንመጥና «አደጋ ነው እኮ፣ ምን ይደረጋል?» እንባባላለን። አደጋማ መብረቅ ነው። ሽንት ቤት ውስጥ ዳይፐር የሚጨምር መብረቅ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

እስቲ ነገሩን ከቧንቧው እንጀምር። ጂ ፕላስ አራት በሆነው ሕንፃችን አንዱ ካንዱ በላይ የተደረደሩት አምስት ቤቶች ፍሳሻቸውን የሚለቁት በአንድ ቋሚ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ከታች፣ ማንሆሉ አጠገብ ሲደፈን የላይኞቹ ምንም አያውቁም፤ የለቀቁት ሁሉ ቁልቁል ይወርድላቸዋል። መውጫ ያጣው ፍሳሽ ግን ዝቅ ያለ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም የምድር ቤቱን ሰው ሽንት ቤት ነው። ሞዴሱን፣ እርጥብ ሶፍቱን፣ የተረፈ ወጡን የሚጥለው አራተኛ ፎቅ፣ ቤቱ የሚጥለቀለቀው ግራውንድ ያለው። ትራጀዲ ሳስተምር አርስቶትልን እየጠቀስኩ «ባለታሪኩ የሚወድቀው በገዛ ስሕተቱ ነው» እል ነበር። እኛ ሕንፃ የሚሳሳተው ሌላ፣ የሚወድቀው ሌላ። አርስቶትል ኮንዶሚኒየም ስላልደረሰው ይህን አላየም።

እኛ ምድር ቤት የሚኖሩት ብቻቸውን ያሉ አንዲት እናት ናቸው። ሲሞላባቸው የራሳቸውን ውኃ ቢዘጉ ዋጋ የለውም፤ የሚመጣባቸው የሰው ነውና። ያላቸው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነጠላቸውን ጣል አድርገው፣ የደረጃውን ብረት ተደግፈው በየፎቁ እየወጡ በር ማንኳኳት። «ልጆቼ፣ እባካችሁ ለዛሬ አትልቀቁብኝ።» በዚህ ዕድሜያቸው ይህን ይለምናሉ! እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፤ ከእኔ በላይ ያለው በር ሲንኳኳ ሰማሁ። አልተከፈተም። ትንሽ ቆይቶ ሲለቀቅም ሰማሁ።

በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛው ከማንሆሉ በኩል ሦስት ዳይፐርና አንድ የወለል ጨርቅ አወጣ። የማን ነው ሲባል ባለቤት ጠፋ። እማማ ዳይፐር የሚያስር ልጅ የላቸውም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የሠራተኛውን ሒሳብ ለመክፈል በየቤቱ ሲጠየቅ ግን ከላይ የመጣው መልስ «እኛ ጋ ምንም ችግር የለም፤ የሞላበት ይክፈል» የሚል ሆነ። በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ሲወጣ የጋራ የሆነው የሕንፃው ክፍል የሁሉም ባለቤቶች መሆኑን፣ ወጪውም የሁሉም መሆኑን ደንግጓል። ለነገሩ ለዚህ አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ያሳፍራል።

«ጥፋቱ የኮንትራክተሩ ነው» የሚሉኝ አሉ። ይሁን፤ ተዳፋቱ ያልተስተካከለ ቧንቧ ሞልቷል። «ውኃ በፈረቃ እየመጣ በምን እንልቀቅ?» የሚሉም አሉ፤ ይኼኛው እውነት ነው። በግማሽ ጆግ የተለቀቀ ነገር ማንሆል ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እየተከመረም ይደፍናል። ታዲያ ውኃ ካጠረን ሽንት ቤቱን ቆሻሻ መጣያ ላለማድረግ ይበልጥ መጠንቀቅ የለብንም? የልብስ እጣቢ እንኳ በባልዲ ቢቀመጥ አንድ ጊዜ በደንብ ይለቅቃል። ደግሞ ውኃ በጠፋች ጊዜ ቧንቧውን ከፍተው ሥራ የሚሄዱት! ውኃዋ ቀን ትመጣለች፤ ማታ እነሱ ሲመለሱ ታችኛው ቤት ሰው ወለል እየጨመቀ ያገኙታል።

በራሳችሁ ቤት ሽንት ቤቱ ከፍ ብሎ ከሞላ ደግማችሁ አትልቀቁ። ሁለተኛው ይገፋዋል የሚለው ተስፋ ነው ቤት የሚያጥለቀልቀው። ግድግዳው ሥር ያለችውን ትንሿን ቫልቭ ዝጉ፤ ዝጋ ይዟት እምቢ ካለች የማጠራቀሚያውን ክዳን አንስታችሁ ተንሳፋፊውን ወደ ላይ ያዙት። (ቫልቯ የት እንዳለች ዛሬ ፈልጓት፤ የሞላ ዕለት አትገኝም።) ውኃው ወደ ሶኬት ወይም ወደ ማከፋፈያ ገመድ ከተጠጋ ከመርገጣችሁ በፊት መብራት ከቆጣሪው ይጥፋ፤ ቆጣሪው ጋ ለመድረስ ውኃውን መርገጥ ካለባችሁ ግን አትግቡ። በፍሳሽ የራሰ ፍራሽና ምንጣፍ አያሳዝናችሁ፤ ይጣል። ወለሉ በሳሙና ከታጠበ በኋላ በረኪና ይፈስበት፤ ግን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። መስኮቱን ክፈቱ። ብሎኬት ውኃ ይጠጣል፤ በአንድ ሁለት ቀን ካልደረቀ ሻጋታው ይጀምራል፤ ቀለም ቢቀባበትም ተመልሶ ይወጣል።

ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ አጭር ነው፤ ማንሆሉ ከክረምት በፊትና በኋላ ይጠረግ፣ ወጪው ከላይ እስከ ታች እኩል ይከፈል፣ የየቤቱ ስልክ ቁጥር ምድር ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ እማማ ደግመው ደረጃ አይውጡ። ስብሰባው እሑድ ነው። የአራተኛ ፎቅ ሰዎች ስብሰባ መምጣት አይወዱም፤ እኔም ይህን ጽሑፍ በበራቸው ሥር አሾልክላቸዋለሁ።