ለብቻው የሚሠራ ሰውም ዜጋ ነው!



በየከተማችን በአንድ የስፌት መኪና፣ በአንድ የብየዳ ማሽን ወይም በአንድ የጀበና ቡና ረከቦት ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው ሕዝብ ብዙ ነው። ይህ ሕዝብ ግብር ይከፍላል፣ የንግድ ፈቃዱን ያሳድሳል፣ መዋጮ ሲጠየቅም ያዋጣል። ሥራዬን ላስፋ፣ አንድ ሠራተኛ ልጨምር ብሎ ብድርና ድጋፍ ሊጠይቅ ሲሄድ ግን ገና ከበሩ የሚጠብቀው ጥያቄ «ከእነማን ጋር ተደራጅተሃል?» የሚል ነው።

ፈቃድ ሲወስድና ግብር ሲጠየቅ ለብቻው የሚታወቅ ሰው ብድር ሲጠይቅ ለምን አይታወቅም?

አንዲት ልብስ ሰፊ ወይዘሮ በሕግ ሙያዬ እንድረዳቸው ወደ እኔ መጥተው ነበር። አሥራ አራት ዓመት ብቻቸውን የሠሩ ናቸው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትእዛዝ ስለበዛባቸው ሁለተኛ መኪና ለመግዛት ብድር ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ «እማማ፣ አምስት ሆነው ይምጡ» የሚል ነበር። «ልጄ፣ እኔ እስከ ዛሬ ብቻዬን ነው የሠራሁት፤ አሁን ማንን ልጥራ?» ቢሉም የሰማቸው የለም። የእህታቸውን ልጅ፣ ሁለት ጎረቤቶችንና መርፌ ይዞ የማያውቅ አንድ ወጣት ሰበሰቡ። ከዚያ መታወቂያ፣ ከሌላ አበዳሪ ዕዳ እንደሌለባቸው የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ቅድመ ቁጠባ፣ ደመወዝተኛ ዋስ ተባለ። አንዱ ወረቀት ሲገኝ የሌላው ጊዜ ያልፋል፤ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ነገ ይመለሱ። ደጅ ጥናቱ ወራት ፈጅቶ ገንዘቡ ሲወጣ አምስት ቦታ ተከፋፈለ፣ የማንንም መኪና አልገዛም። ወጣቱና አንደኛው ጎረቤት ከከተማው ወጡ።

ወደ እኔ የመጡት የክፍያ ማስጠንቀቂያ ይዘው ነው። ውሉን አነበብሁት፤ ሕጉ ከአበዳሪው ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1896 የአንድ ዕዳ ተበዳሪዎች፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ በአንድነት ኃላፊ እንደሆኑ ይደነግጋል። የሸሸውም የቀረውም ዕዳ የሚጠየቀው ከተገኘው ሰው ነው። ወይዘሮዋ ደግሞ ሱቃቸውን ጥለው የትም አይሄዱም።

የቡድን ብድር ራሱ ክፉ ሐሳብ ነው አንልም። ዋስትና የሌለውን ድሃ ጓደኞቹ እንዲዋሱት ማድረግ በባንግላዴሽም በሌላም ሀገር የተሠራበት ዘዴ ነው። በኛ ሀገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በቀበሌ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ለባንክ የሚያስይዘው ቤት የለውም። ስለሆነም በፈቃዳቸው የሚተማመኑ ሰዎች ቢተባበሩ ማለፊያ ነው። ችግሩ መደራጀት ከአማራጭነት ወደ ግዴታነት መለወጡ ነው። ባለሥልጣናት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያሉ ይተርቱልናል፤ ድሩን የሚያድረው ግን ባለቤቱ ነው እንጂ ጽሕፈት ቤት አይደለም። ዕድሜያችን ሃምሳን የተሻገረው ደግሞ በልጅነታችን ያየነውን አንረሳም፤ በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 አንድ ነጋዴ ከአንድ ፈቃድ በላይ እንዳይዝ ከልክሎ፣ በካፒታሉም ላይ ጣሪያ አድርጎበት ነበር። አዋጁ ቢሻርም ለብቻው የሚሠራን ሰው በጥርጣሬ የማየት ልማድ ከቢሮዎቻችን አልወጣም።

የዚህ ልማድ ፖለቲካዊ ጥቅም ግልጽ ነው። የተደራጀ ሰው ለሪፖርት ይመቻል፤ ለስብሰባ ይጠራል፣ ለሰልፍ ይቆጠራል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ብድርን ጨምሮ የመንግሥት አገልግሎቶች ለገዥው ፓርቲ ድጋፍ ማግኛ እንደዋሉ ዘርዝሯል፤ የወቅቱ መንግሥት አስተባብሏል። በ2009 ዓ.ም.ም ሀገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር እያለች የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 995 ተቋቋመ። ወጣቱ አደባባይ ከወጣ በኋላ የመጣ ገንዘብ ነበር፤ ዕድሜው ከወጣትነት ላለፈ ባለሙያ ግን በዚያ ፈንድ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

«በግል ማበደር አይቻልም» የሚለውን ሰበብ ደግሞ አንቀበልም። በ2004 ዓ.ም. በዓለም ባንክ የ50 ሚሊዮን ዶላር ብድር የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት፣ ገንዘቡ ከልማት ባንክ ወደ አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት እየተላለፈ፣ ንግዳቸውን ለማሳደግ ለሚፈልጉ ሴቶች ለእያንዳንዳቸው በየስማቸው እንዲበደር አድርጓል። አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ መቐለና ድሬዳዋ ውስጥ ተሠርቶበታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147ም ማሽን፣ የሸቀጥ ክምችትና ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረት ተመዝግቦ ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። የልብስ ሰፊዋ መኪና ዋስትና መሆን ይችላል ማለት ነው፤ ይህን የነገራቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም። በሌላ በኩል ለድሃው የተቋቋሙት የክልል ብድርና ቁጠባ ተቋማት ባለፉት ዓመታት ጸደይ፣ ሲንቄ፣ ኦሞ እየተባሉ ባንክ ሆነዋል። ማደጋቸውን አንጠላም። ትንሹን ተበዳሪ ትተው ወደ ትልቁ እንዳይዞሩ የሚቆጣጠር ግን ያስፈልጋል።

በመሆኑም ፓርቲያችን ብትመርጡት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 41 በሥራ ላይ ያውላል፤ አንቀጹ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይናገራልና። በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ ማንኛውም ብድር ለግለሰብም ለቡድንም እኩል ክፍት ይሆናል። የንግድ ፈቃድና የግብር ማኅደር ያለው፣ ሠራተኛ ለመጨመር የተዘጋጀ ባለሥራ የመሣሪያውን ዋጋ በከፊል የሚሸፍን የማይመለስ የማስፋፊያ ድጋፍ ለመጠየቅ ይችላል። ያመለከተ ሁሉ ያገኛል ብለን አንዋሽም፤ የሀገሪቱን ካዝና እናውቀዋለን። ነገር ግን ማመልከቻው በ30 ቀን ውስጥ የጽሑፍ ውሳኔ ያገኛል፣ የተፈቀደለት ሰው ስምና መጠኑ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል፣ በአመልካች ማኅደር ውስጥ የፓርቲ አባልነትን ወይም የስብሰባ ተሳትፎን የሚጠቅስ ወረቀት ማስገባት በሕግ ያስቀጣል።

እስከዚያው ግን ማመልከቻችሁን በቃል አታቅርቡ። በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡ፣ በራሳችሁ ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዝዘዋል፤ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ጠይቁ። «ተደራጅታችሁ ኑ» ካሏችሁም ይህንኑ ጽፈው፣ ፈርመውና ማኅተም አድርገው ይስጧችሁ።

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ