በስልክ የሚሸጠው «ፈውስ» እና የቁጥጥሩ ክፍተት በደሴና ኮምቦልቻ

ደሴ፦ ከአዲስ አበባ ተነስቶ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ መናኸሪያ የሚገባ አውቶቡስ ከመንገደኞች ጓዝ ጋር በፕላስተር የታሸጉ ትናንሽ ካርቶኖችንም ይዞ ይደርሳል። በካርቶኖቹ ላይ የተቀባዩ ስምና ስልክ ይጻፋል፤ የላኪው አድራሻ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ የስልክ ቁጥር አያልፍም። መለዋወጫም፣ ልብስም፣ ሰነድም በዚህ መንገድ ይላካል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ታይተው፣ ክፍያቸው በቴሌ ብር ወይም በባንክ ተልኮ የታዘዙ፣ በተለምዶ «ሰፕልመንት» የሚባሉ የጤና ማሟያዎች በዚሁ ጓዝ ውስጥ ቦታ ይዘዋል።

በወሎ ከመድኃኒት ቤት ውጭ ፈውስን መሸመት አዲስ ነገር አይደለም። በደሴ ሰኞ ገበያ ሥርና ቅጠል የሚሸጥ ሰው ሁልጊዜም ነበር። ልዩነቱ ግን የገበያው ሻጭ የሸጠው ሥር ጉዳት ቢያደርስ ገዢው በሚቀጥለው ሰኞ በዚያው ቦታ ሊያገኘው መቻሉ ነው። በስልክ የሚሸጠው ቦታም ፊትም የለውም።

ማስታወቂያዎቹን በጥሞና ላነበበ ሰው አቀራረባቸው ተመሳሳይ ነው። «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል»፣ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ»፣ «ምንም ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው» ይላሉ። አንዱ ዱቄት የስኳር ሕመምን፣ የደም ግፊትን፣ የመገጣጠሚያ ሕመምንና ስንፈተ ወሲብን በአንድነት እንደሚያድን ይነገርለታል። ነጭ ጋውን የለበሰ «ዶክተር» ይመሰክራል፤ በዚህ ዘመን የሰውን መልክና ድምፅ አስመስሎ መሥራት ቀላል በመሆኑ ምስክሩ በእርግጥ ሰው ስለመሆኑም ማረጋገጫ የለም። በመጨረሻም «የቀሩት 12 ፓኮዎች ብቻ ናቸው» የሚል ማጣደፊያ ይከተላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የተመለከተው አንድ ማስታወቂያ ከሳምንታት በኋላም 12 ፓኮዎች እንደቀሩት ነበር።

«በአሜሪካው ኤፍ.ዲ.ኤ. የጸደቀ» የሚለው አባባል ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የምግብ ማሟያዎች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት ደኅንነታቸውና ፈዋሽነታቸው በዚህ መሥሪያ ቤት አይጸድቅም። በመሆኑም ይህን የሚል ሻጭ ዕቃው ምንም ይሁን ምን በዚህ ነጥብ ላይ ሐሰት መናገሩ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ስለ ዕቃው የሚነገረው ሳይሆን ከሽያጩ በኋላ የሚሰጠው ምክር ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የቅርብ ዘመድ የሆኑ አንድ የኮምቦልቻ ጡረተኛ ለዓመታት የስኳር ሕመም መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተዋል። ዱቄቱን በስልክ አዝዘው 3 ሺህ 500 ብር ከላኩ በኋላ ሻጩ «ከዱቄቱ ጋር እንዳይጋጭ» በሚል የሐኪም መድኃኒታቸውን ለ21 ቀናት እንዲያቆሙ ነገራቸው። ቀናቱ ሳያልቁ ስኳራቸው እጅግ ከፍ ብሎ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ደሴ ለሕክምና ተወሰዱ። ሻጩ ሲደወልለት ስልኩን ዘግቶ ነበር። ገንዘቡ ከተላከ በኋላ በደረሰኙ ላይ የታየው የተቀባይ ስም በማስታወቂያው ላይ የተጠቀሰው «ድርጅት» ሳይሆን የአንድ ግለሰብ ስም እንደነበር ቤተሰቡ ያስተዋለው ያኔ ነው።

«ቢያንስ ጉዳት የለውም» የሚለው አስተሳሰብም አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 ባለው ጊዜ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በመለያቸው ላይ ያልተገለጸ መድኃኒት የተቀላቀለባቸውን 776 ማሟያዎች ማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ተዘርዝሯል። አብዛኞቹ ለወሲብ ብርታትና ለክብደት መቀነሻ የሚሸጡ ነበሩ። ለወሲብ በሚሸጡት ውስጥ ሲልደናፊል ተደብቆ ይገኛል፤ ይህ ንጥረ ነገር ናይትሬት በሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ላይ የደም ግፊትን ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ለመገጣጠሚያ ሕመም በሚሸጠው «አርትሪ ኪንግ» በተባለ ማሟያ ውስጥ በመለያው ያልተጻፉ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን መገኘታቸው ተገልጾ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ዴክሳሜታዞን ሕመምን በፍጥነት ስለሚያስታግስ ገዢው «ዕፅዋቱ ሠራ» ብሎ ለጎረቤቱ ይመሰክራል። ይኸው መድኃኒት ግን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቋረጥም ሰውነትን ለአደጋ ያጋልጣል።

ይህ ሲባል ማሟያ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ነፍሰ ጡር እናቶች በጤና ጣቢያ የሚሰጣቸው አይረንና ፎሊክ አሲድ፣ ለሕፃናት የሚታደለው ቫይታሚን ኤ ጥቅማቸው የተረጋገጠ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በሁለቱ ከተሞች የጤና ተቋማት መዘረፋቸውና መድኃኒት መታጣቱም አይዘነጋም። መድኃኒት በጠፋ ቁጥር ሕመምተኛው ሌላ በር ማንኳኳቱ አይቀርም፤ ጥፋቱን ሁሉ በገዢው ላይ መጣል ተገቢ አይሆንም።

ሕግ የለም ሊባልም አይችልም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ሲከለክል የኢንተርኔት ድረ ገጽን ከማሰራጫ መንገዶች ቆጥሮታል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ሸማቹን የሚያሳስት መግለጫን ይከለክላል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በ2011 ዓ.ም. ወጥቷል። ክፍተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የቁጥጥር ሥራው በር ያለውን ቤት ታሳቢ ያደረገ ነው፤ ተቆጣጣሪው መድኃኒት ቤት ገብቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ያያል፣ መደርደሪያውን ይፈትሻል። በስልክ የሚሸጥ ሰው ግድግዳ የለውም። ከዚህም ባሻገር «ማሟያ» የሚለው ስያሜ ጉዳዩ በጤናና በንግድ ጽሕፈት ቤቶች መካከል እንዲወድቅ ዕድል ይሰጣል፤ አንዱ መድኃኒት አይደለም፣ ሌላው የጤና ጉዳይ ነው ሊል ይችላል።

በደሴና በኮምቦልቻ የመንግሥት አካል ዕቃውን በአካል ሊያገኝ የሚችልባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። አንደኛው መናኸሪያው ነው። ሌላው በጅቡቲ መስመር ለሚመጣው ጭነት የኮምቦልቻ ጉምሩክ ነው። ሦስተኛው፣ ብዙም የማይነገርለት፣ የሕክምና ክፍሉ ነው። ስኳሩ ከፍ ብሎ ወይም ጉበቱ ታምሞ የመጣን ሰው «ሌላ ምን ወስደዋል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መመዝገብ የትኛው ዕቃ በከተማው እየተሸጠ እንደሆነ ያሳያል። መረጃው ከጤናው ወደ ንግዱና ወደ ፖሊስ ካልተላለፈ ግን በካርድ ክፍል ይቀራል።

የመንግሥት ሠራተኛው በዚህ ጉዳይ ገዢ ብቻ አለመሆኑም መነሳት አለበት። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ክዌስትኔትና ቲያንስ የሚሉት ስሞች በየቢሮው ሲሰሙ እንደነበር የሚታወስ ነው። ያን ጊዜ ሽያጩ ከባልደረባ ወደ ባልደረባ፣ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይተላለፍ ነበር። በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 685 ፒራሚዳዊ የሽያጭ ስልትን ከልክሏል፤ ልማዱ ግን ወደ ቴሌግራም ቡድኖች ተሻግሯል። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ለሥራ በከፈቱት ቡድን ውስጥ አለቃ ያስተላለፈው ማስታወቂያ ከማንም «ዶክተር» ምስክርነት ይልቅ ይታመናል። አለቃው ራሱ ይህን የሚያስበው አይመስልም።

ጥቆማ ለማቅረብ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው። ጥቆማው እንዲሠራበት የማስታወቂያው ምስል፣ ከሻጩ ጋር የተደረገው የጽሑፍ ልውውጥ፣ የክፍያ ደረሰኝና ባች ቁጥር ያለበት ፓኮ ያስፈልጋል። ችግሩ ብዙ ገዢዎች፣ በተለይም የወሲብ ብርታት ማሟያ የገዙት፣ በኀፍረት ልውውጡን አጥፍተው ፓኮውን መጣላቸው ነው።

የኮምቦልቻው ጡረተኛ ወደ ቀድሞ መድኃኒታቸው ተመልሰዋል። ፓኮውን ሊጥሉት ሲሉ ልጃቸው ከልክላቸው አስቀምጣዋለች። በላዩ የቅጠል ሥዕልና የአምራች አገር ስም አለው፤ አገር ውስጥ ያስገባው ድርጅት ስም ግን የለበትም።