ለተማሪ ወላጆች፤ ከመቱ

በመቱ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማሩ ልጆች ላሏችሁ ወላጆች የምናስታውቀው ነገር አለን። ይኸውም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው የዓመታቱን ትምህርት ሁሉ ቢፈጽምም፥ በመውጫው ፈተና ከመቶ 50 ካላገኘ ዲግሪ አይሰጠውም፤ የወደቀው ግን እንደገና መፈተን ይችላል። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒዩተር ስለሆነ፥ እጁ መሣሪያውን ያልለመደ የሒሳብ ተማሪ መልሱን እያወቀ ሰዓት ሊያልፍበት ይችላልና፥ ኮምፒዩተር ከሚማረው ባልንጀራው ዘንድ አስቀድሞ ቢለማመድ መልካም ነው እንላለን።

ኢሉባቦር የቡና አገር ነው፤ በለቀማ ወራት የልጅ ጉልበት ለቤቱ እንደሚያስፈልግ አናጣውም። ሆኖም ለለቃሚ ከፍሎ ልጁን፥ ሴትም ትሁን ወንድ፥ ከመጽሐፉ አለማስነሣት ይሻላል። የምርቃቱንም ድግስ ውጤቱ እስኪሰማ ድረስ እንድታቆዩት እንለምናለን፤ ጠላው ተጠምቆ ዘመድ ከተጠራ በኋላ ልጁን የሚይዘው ኀፍረት ከባድ ነውና።